ጣሪያ ያልነካ ምሰሶ

በዚህ አገር ሰኔ ሲገባ ሌሊቱ አይጨልምም። ፀሐይ ትንሽ ዘወር ብላ ትመለሳለች እንጂ ጠለቀች የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ደገፋ ቦጂያም መጋረጃውን ቢስበው፣ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሩ ቢከናነበው፣ እንቅልፍ በየት በኩል ትምጣ። ጠዋት ስልኩ ይጮኻል። ጠዋት ሰበታ ላይ እናቱ ደጊቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከሙሄዲን ሱቅ ባንኮኒ አጠገብ ቆማ፣ የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ መልሱን ትጠብቃለች። መልሱ ደግሞ ረጅም አይደለም፤ «ጎበና ይምታው» ማለት ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመደው ሰንብቷል፤ ትራም ውስጥ ብሎታል፣ ጢሙን ሲላጭ ለመስተዋቱ ብሎታል፣ ሥራ ቦታ ስዊድኖቹ መሃል ተቀምጦ በሆዱ ብሎታል፣ ደጋግሞ ሲለው አንደበቱ ላይ ለስልሶለታል፣ ትክክለኛ ቃል መሆኑንም ያውቃል። ታዲያ ትክክል ከሆነ ለምን አያስተኛውም? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይህን።

ነገሩን ያመጣው ጎበና ነው። ጎበና የአጎቱ ልጅ ነው፤ ደገፋ ውጭ ውጭ ሲል እሱ ከደጊቱ ጋር ቀረ፣ አረሰላት፣ አጨደላት፣ ስትታመም አዝሎ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ባለፈው ሳምንት ከሙሄዲን ሱቅ ደወለ። በዚያ ሰፈር ስልክ ያለው ሙሄዲን ብቻ ነው፤ አቡጀዲና ጨው ይሸጣል፣ የሰፈሩ ሐዘንና ደስታም በባንኮኒው ላይ ያልፋል፣ ሰው ሲያወራ ዘወር ብሎ ጨርቅ የሚያጣጥፍ ይመስላል እንጂ አንድም ቃል አያመልጠውም።

«ጋሼ፣ አካም ጅርታ? ደህና ነህ?» አለ ጎበና፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል። «አዮ፣ እናትህ፣ ደህና ናት። የአሮጌው ቤት ምሰሶ ግን ከሥሩ ምስጥ በልቶታል። ቤቱ ወደ ወንዙ ዘንበል ብሏል፣ ክረምቱ ሳይጠና መተካት አለበት። እንጨቱን አግኝቻለሁ፣ ደህና ጥድ ነው።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ተካው።»

«አዮ መጀመሪያ እሱን ጠይቀው አለችኝ።»

«ምን ብለህ?»

ጎበና ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽብልቁን ማን ይምታው ብለህ።»

ሽብልቅ ማለት እንግዲህ አንድ ጫፏ የቀጠነ ቁራጭ እንጨት ናት፤ ምሰሶው ከቆመ በኋላ በአናቱና በጣሪያው መካከል የቀረችውን ክፍተት ሞልታ ሁለቱን የምታጣብቅ፣ ወድቃ ብትገኝ ማንም አንስቶ እሳት ውስጥ የሚጨምራት። በሌላው ሰው ቤት እንዴት እንደሆነ ደገፋ አያውቅም፤ በአባቱ በኦቦ ቦጂያ ቤት ግን ምሰሶውን ማንም ያቁመው ማን፣ የመጨረሻዋን ሽብልቅ የሚመታው የቤቱ ልጅ ነው፣ የመታትም እሱ የቤቱ ልጅ ነው። የፊተኛው ቤታቸው በጣሊያን ጊዜ ተቃጥሎ ነበር፤ ጣሊያን ሲወጣ አባቱ ያመዱ ቦታ ላይ ሌላ ሠራ፣ ደገፋ ያኔ የወተት ጥርሱ ገና አልወለቀም። የሰፈሩ ወንዶች ምሰሶውን በገመድ ስበው አቁመዋል፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ አባቱ ትከሻው ላይ ያወጣዋል፣ መዶሻ ያስይዘዋል፣ መዶሻው ከልጁ ይከብዳል፣ «በል ምታ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ» ይለዋል ከሥር፣ ይመታል፣ ይስታል፣ ሰው ይስቃል፣ ደግሞ ይመታል፣ ጣሪያው ከላይ አንዴ ቀጭ ይላል፣ አቧራና ገለባ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ ደጊቱ ከታች እልል ትላለች፣ አባቱም ሁለት እግሮቹን ጨብጦ «አሁን ቤቱ ባንተ ቆመ» ይለዋል። ደገፋ ጎተንበርግ ከተማ፣ ፎቅ ላይ፣ አልጋው ውስጥ ተጋድሞ ዓይኑን ያሻል፤ ያ ገለባ እስከ ዛሬ ያልወጣለት ይመስል።

ሙያው ምናልባት ከዚያ ትከሻ ላይ ጀምሮ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። አዲስ አበባ ተማረ፣ ጎበዝ ነው ተባለና ወደዚሁ ስዊድን ተልኮ የሕንፃ ንድፍ አጠና፤ አባቱ የሞተውም ያኔ ነው፣ ወሬው የደረሰው ሰዉ ድንኳኑን ካፈረሰ በኋላ ነው፣ አላለቀሰም፣ ፈተና ነበረበት። ተመልሶ ገባና ቡራዩ ላይ ትምህርት ቤት ሠራ፣ መስኮቱ ሰፋፊ፣ ልጆቹ የበልጉን ዝናብ እያዩ ሒሳብ የሚረሱበት፤ ሱሉልታ ላይ ገበሬው ወተቱን የሚያስረክብበት ረጅም ዳስ ሠራ፤ ጎን ለጎንም ያስተምር ነበር፣ ማስተማሩን ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ይወደው ነበር። ተማሪዎቹን በጭነት መኪና አሳፍሮ ሱሉልታ ይወስድና የገበሬ ቤት ያስለካቸዋል፣ ሰሌዳ ላይ የተሳለ ቤት ዝናብ አያውቅም እያለ፤ አንዴ አንዲት ባለቤት ልጆቹ ሜትር ዘርግተው ግድግዳዋን ከዳር እስከ ዳር ሲለኩ ቆማ አየችና «ቤቴን ልትገዙት ነው ወይስ ልትቀብሩት?» አለቻቸው። ተማሪው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ ነበረው፣ ክብደቱ ወዴት ይወርዳል? ክብደቱን ተከተሉ፣ መሬት እስኪደርስ ድረስ አትልቀቁት፣ መሃል ላይ ከጠፋባችሁ ቤቱ ይወድቃል። ምንም ያልተሸከመ ምሰሶ ደግሞ ምሰሶ አይባልም፣ ጌጥ ነው። ይህንን ሲል ጣቱን ያነሳ ነበር፤ አሁን አልጋው ውስጥ ሆኖ ያቺን ጣቱን ያያታል፣ ቀጥናለች።

ያን ሁሉ ለሰው ሠርቶ ሲያበቃ ለእናቱ ቤት ሠራ። ሰበታ፣ ከአሮጌው የሣር ቤት ጎን፣ ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ፣ ጣሪያው ሶሌታ፣ ፌሮ የተዘረጋበት ቤቶን፤ በውስጡም አንድ ትልቅ ክፍል፣ መሃሉ ገላጣ፣ አንድም የሚያግድ እንጨት የሌለበት። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የኮራው በዚያ ክፍል ነው። እናቱ በአሮጌው ቤት ጨለማ ውስጥ ምሰሶውን ዞራ ስታልፍ፣ ዕቃ ይዛ ከምሰሶው ጋር ስትጋጭ እያየ ነው ያደገው፤ አንድ ቀን የማትዞርበት ቤት እሠራላታለሁ ብሎ ነበር፣ ሠራላት። የምርቃቱ ዕለት ሽማግሌዎቹ መጡ። ፊት ፊት ኦቦ ወርቁ ገቡ፣ የአባቱ ባልንጀራ፣ ዘወር ዘወር ብለው አዩና ወለሉን በበትራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ምሰሶው የት ነው?» አሉ።

«የለውም አባቴ፣ አያስፈልገውም። ጣሪያው ውስጥ ብረት አለ፣ ክብደቱን የሚሸከመው ግድግዳው ነው።»

«እኔ ማን ተሸከመው አላልኩህም። የቱ ጋ ሆነን እንመርቅ ነው የምልህ።»

«የፈለጋችሁበት ሁኑ፣ ክፍሉ እንደሆነ ሰፊ ነው።»

ኦቦ ወርቁ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዝ አድርገው አሰቡ። ሰው ማስቀየም አይወዱም። «ደህና ቤት ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «ለስብሰባ ይሆናል።» ብለውም ወጡ፣ የተቀሩትም ተከተሏቸው፣ አሮጌው ቤት ገብተው በምሰሶው ዙሪያ ቆመው መረቁ፣ ደጊቱም ምሰሶው የሚቀባውን ቅቤ ይዛ እየሮጠች ከኋላቸው ገባች። ደገፋ በዚያ ገላጣ ክፍል ብቻውን ቀረና ሳቀ፤ ክፍሉ ሳቁን መለሰለት፣ ድጋሚ አልሳቀም። እናቱ በዚያን ቀን ማታ እዚያው አሮጌው ቤት ተኛች፣ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ። «ቤትህ ያምራል» አለችው፣ «ዓይኔን ሞልቶታል። ግን ጀርባዬን የምሰጠው የለኝም። አባትህ ሲሞት ጀርባው እዚህ ላይ ነበር።» ምሰሶውን በእጇ ዳሰሰችው፣ ጥቁር ነው፣ ከጢስና ከቅቤ ብዛት ይወዛል። አዲሱ ቤት ለክረምት የሣር ድርቆሽ ማስቀመጫ ሆነ። ሰዉ አልሳቀበትም፣ ቢስቁበት በተሻለው፤ በአጠገቡ ሲያልፉ ግን «የመሐንዲሱ ድርቆሽ» ይሉታል።

ተቀየመ። መቀየሙን ግን ለራሱም አልነገረም፣ ለሥራ ነው የምሄደው አለ፣ እናቱም እሺ አለች፣ ተማሪዎቹም ሸኙት። እዚህ ጎተንበርግ የቤት ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር፣ ንድፍ የሚያወጣ ሰው ፈለጉ፣ ገባ። ትልቅ ቤት የሠራ ሰው ሲደክመው ትንንሽ ዕቃ ይሠራል፤ ባልዲ ሠራ፣ የዕቃ ማጠቢያ ብሩሽ ሠራ፣ የሚደራረብ በርጩማ ሠራ፣ ትንሽ ዕቃ ላይ ማንም ሽማግሌ መጥቶ ምሰሶው የት ነው አይልም። አንድ ቀን ደግሞ ወረቀቱ ላይ እጁ ሳያስበው የእናቱን ጮጮ ሣለ፣ ያንን ወተት የምታኖርበትን፣ ሆዱ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለውን። አለቃው ትከሻውን መታ አደረገው፤ በነጭ ፕላስቲክ ወጣ፣ ሰዉ ወደደው፣ ደገፋ ሰው ቤት ሲጋበዝ የእናቱ ጮጮ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ጀመር። አንዱን ጠቅልሎ በፖስታ ላከላት። በሚቀጥለው ስልክ ላይ አመሰገነችው፣ ከዚያ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቆጣ» አለችው። «ምነው አዮ?» «ጮጮህን አጠንኩት። በወይራ፣ እንደ ሁልጊዜው። ተኮማትሮ ቋንጣ ሆነ። ቤቱንም አገማው፣ ከብቶቹ እንኳ አስነጠሳቸው።» ሳቀ፣ እምባው እስኪወርድ ሳቀ፣ እሷም ከሙሄዲን ጋር ሆና ሳቀች። ስልኩን ዘግቶ ግን የወረቀቱን ንድፍ አውጥቶ ረጅም ጊዜ አየው። አንገቱን ወስዷል፣ ሆዱን ወስዷል፣ እጀታዋን የምታስርበትን ቦታ ሳይቀር ወስዷል፤ እናቱ ወተት ከማድረጓ በፊት የወይራ ፍም ከትታበት እየነቀነቀች የምታጥነውን ግን እንዴት ረሳው? ከጢሱ ጋር አድጎ፣ ያንን ወተት ጠጥቶ አድጎ፣ እንዴት ይረሳዋል? «እንግዲህ ዕቃ አትላክልኝ» ብላው ነበር ከመዝጋቷ በፊት፣ «ዕቃ ሞልቶኛል።» እሱ ግን ላከ፤ በየዓመቱ ጥቅልል ያለች ካርቶን ላከ፣ እሷ ካርቶኑን ትፈታለች፣ በየዓመቱ እሱ የለበትም።

ደግሞ ይገላበጣል። ትራስ ሞቀ፣ ያዞረዋል፣ ያኛውም ሞቀ። ከታች የበር ድምፅ ሰማ፣ የሕንፃው አሮጊት ፍሩ ሊንድ ትሆናለች፣ እሷም በዚህ ብርሃን አትተኛም። ፍሩ ማለት እመቤት ማለት ነው፤ በአንድ ሕንፃ ሲኖሩ ክረምት አልፎ ክረምት መጥቷል፣ እሷ ስለሱ የምታውቀው ልብስ የሚያጥብበትን ቀን ብቻ ነው። እዚህ ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፣ ተራ ይያዛል፣ በተራህ ካልወረድክ ሰው አይቆጣህም፣ ዝም ይልሃል፣ ዝምታው ግን ከቁጣ ይብሳል። የመጣ ሰሞን ተራ ሳይዝ ገብቶ ሰው ልብሱን አውጥቶ አጣጥፎ ደረጃው ላይ አስቀመጠለት፣ በሥርዓት አጣጥፎ፣ ሸሚዝ በሸሚዝ፤ ሰው እንደዚያ አጣጥፎ ሊሰድብ እንደሚችል ያኔ ነው ያወቀው። አሁን ለምዷል፣ ከማንም ጋር አልተጣላም፣ ከማንም ጋርም አልታረቀም። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ አናጢዎችን ንድፍ ያስተምራል፤ ትላልቅ እጅ ያላቸው ዝምተኛ ሰዎች፣ ክብደቱ ወዴት ይወርዳል ይላቸዋል በእነሱው ቋንቋ፣ ወደ መሬት ይላሉ፣ በዚያው ያበቃል። ሱሉልታ ቢሆን አንዱ ተማሪ ይነሳና ወደ ዘመድ ይል ነበር፣ ክፍሉም ይስቅ ነበር።

እና ጎበና ይምታው። ማን ይምታው ታዲያ? የሚያርሰው ጎበና፣ ሌሊት ጅብ ሲጮህ በሩን የሚያየው ጎበና፣ ነገ ብትሞት አፈር የሚያለብሳት ጎበና፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፣ ጎበና ደግሞ ጎረቤት እንኳ አይደለም፣ ሥጋ ነው። እኔ ምን አደረግሁላት? ድርቆሽ ቤት ሠራሁላት፣ የሚቀልጥ ጮጮ ላክሁላት። በየዓመቱ እመጣለሁ አልኳት፤ በየዓመቱ ፋብሪካው በሐምሌ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ሁሉ ይበተናል፣ ፍሩ ሊንድ እንኳ ወደ እህቷ ትሄዳለች፣ እኔ እዚሁ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የበርጩማ እግር እሥላለሁ። ሥራ በዛብኝ እላታለሁ። መጀመሪያ ታምን ነበር፣ በኋላ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ትስቅብኝ ጀመር፣ አሁን አሁን አትስቅም። ፈራሁ ማለት አቅቶኝ ነው። በዚያ ቤት ፊት ማለፍ አፍሬ ነው። ኦቦ ወርቁ «ደህና ቤት ነው» ሲሉ የሰማኋት ያች ደግነታቸው ናት አገር ያስለቀቀችኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰው በዚህ ምክንያት አገር ይለቃል? ለቀቅሁ። ስለዚህ የሚመታው ይምታው፣ እኔም ልረፍ፣ ከዚህ ወዲያ የማንም ቤት በኔ ላይ አይቁም። ደገፋ ይህን ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፣ ዕረፍት ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ የመጣው ግን ስልኩ ነው።

ከአልጋው እንዴት እንደወረደ አያውቅም። የስልክ ቤቷ ሴት በስዊድንኛ መስመሩ ቀርቧል አለችው፣ ሌላዋ በእንግሊዝኛ ቆይ አለችው፣ ከዚያ ነፋስ፣ ከዚያ የሚያውቀው ጩኸት፣ «ሀሎ! ሀሎ! አለች፣ አለች! እማማ ደጊቱ፣ ይሄኛው ወደ ጆሮ ነው፣ ያኛው ወደ አፍ!» ሙሄዲን ነው፤ እናቱ ስንት ዘመን በዚያ ስልክ ተናግራለች፣ እሱ ግን ዛሬም ያስተምራታል።

«ደገፋ?»

«አዮ። አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ውሸትህን ነው፣ ድምፅህ አልበላም።» ትንሽ ተነፈሰች። «ስማ፣ አሮጌው ቤት ተኛ።»

«ወደቀ?»

«ኧረ አልወደቀም፣ እኛ አስተኛነው። ዝናቡ ቸኮለ፣ ያንተን መልስ መጠበቅ አልቻለም። ጎበናና የሰፈሩ ጎረምሶች በገመድ ይዘው ቀስ አድርገው አስተኙት። ምሰሶው ከሥሩ ባዶ ነበር፣ እንደ ቀፎ። እንዲያው በእግዜር ኪነ ጥበብ ቆሞ ኖሯል።»

«አሁን የት ነው ያለሽው ታዲያ?»

«ባንተ ቤት ነዋ፣ የት እሆናለሁ?»

ደገፋ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። የተቀመጠበት ራሱ የሠራው በርጩማ ነው።

«ድርቆሹን አወጣን፣ ወለሉን አጠብን» አለች ደጊቱ። «ጥዱንም ጎበና መሃሉ ላይ አቆመልኝ።»

«ምን መሃል ላይ?»

«ክፍልህ መሃል ላይ። ኡቱባውን፣ ምሰሶውን።»

«አዮ፣ ያ ቤት እኮ ምሰሶ አይፈልግም። ቆሞ ነው ያለው።»

«ቤቱ አይፈልግ ይሆናል። እኔ እፈልጋለሁ።»

ያን ሁሉ ዓመት ለዚያ ክፍል ሲከራከር፣ ለሽማግሌው፣ ለራሱ፣ ለዚህ ጣሪያ፣ መልስ ሲያወጣና ሲያገባ ኖሮ ይህቺን አንዲት መልስ አላሰባትም።

«ጣሪያህ ጋ ግን አልደረሰም» አለች እናቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሙሄዲን እንዳይሰማ መሆኑ ነው። «አሳጥረህ ቁረጠው ያልኩት እኔ ነኝ። ሽብልቅ የሚገባበት ይኑረው ብዬ። ጎበና ዝግጁ ነው፣ ያንተን ቃል ነው የሚጠብቀው። እና ምን ትላለህ?»

ቃሉ አለ። አንደበቱ ላይ ነው፣ ለስልሷል፣ ትክክል ነው። «አዮ» አለ፣ «ጎበና ይምታው።»

ከወዲያ ማዶ የሙሄዲን ጨርቅ ማጣጠፍ የቆመ መሰለው።

«ሰምቻለሁ» አለች ደጊቱ። አልተቆጣችም፣ ደከማት እንጂ። «ትክክል ብለህ ይሆናል። ጎበና ልጄ ነው፣ አልክድም። ግን ይህን ቃል ተሸክሜ ቤት ድረስ አልወስድልህም፣ አቅሙም የለኝ። ይኸው አጠገቤ ቆሟል፣ አንተው ንገረው።»

እጀታው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተንኳኳ።

«ጋሼ?» አለ ጎበና።

ደገፋ እጀታውን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ። ጎበና ልጅ ሆኖ ከኋላው እየሮጠ የወንዙን ድንጋይ ሲዘል ታየው፣ አሁን ግን ድምፁ የትልቅ ሰው ነው፣ የኦቦ ቦጂያን ድምፅ ይመስላል። «ጎበና» አለው፣ «ክፍተቱ ምን ያህል ነው?»

«መዳፍ ይገባበታል። ያንተ መዳፍ፣ የኔ ወፍራም ነው።»

«ይወድቃል?»

«ከሥሩ በድንጋይ ጠቅጥቄዋለሁ፣ አይወድቅም። አናቱ ግን ባዶ ነው፤ አዮ ጀርባዋን ስትሰጠው ይነቃነቃል።»

«ጀርባዋን ትሰጠዋለች?»

«ማታ ማታ። ግን አትጫነውም፣ ትነካዋለች እንጂ። መነቃነቁን ስለምታውቅ።»

ደገፋ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። አሮጊት እናቱን በዓይነ ሕሊናው አየ፣ ጀርባዋን ግማሽ ሰጥታ ግማሽ ይዛ፣ እንቅልፍ እየወሰዳት እየነቃች፣ ምንም ያልተሸከመ እንጨት ሥር። እንዲህ ያለውን ምሰሶ ጌጥ ነው ብሎ ስንቱን ተማሪ አስተምሯል። ወደኋላ ሄዶ ያቺን ጣቱን ቢያወርዳት ደስ ባለው።

«ጎበና።»

«አቤት ጋሼ።»

«እንዳለ ተወው።»

ጎበናን በአፍንጫው ሳቅ አይሉት ምን ወጣው። «እንደሱ ትላለህ ብላ ነበር።»

«ማን?»

«አዮ ናታ። ከቤት ስንወጣ፣ ለኔ ጎበና ይምታው ይለኛል፣ ላንተ ግን ተወው ይልሃል አለችኝ። እሺ፣ እተወዋለሁ፣ እኔ ምን ቸገረኝ። እስከ መቼ ነው ግን የምተወው?»

ነፋሱ በረታ፣ ሌላ ቋንቋ የሚያወሩ ሰዎች መሃል ገቡ፣ ደገፋ «ጎበና! ጎበና!» ብሎ ጮኸ፣ ከታች ፍሩ ሊንድ በር ከፈተች፣ መስመሩ ጠፋ። የስልክ ቤቷ ሴት ሌላ መስመር ትፈልጋለህ ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀችው። አልፈልግም አላት።

ሥራ ቦታ ከሁሉ በፊት ደረሰ። ከቁርጥራጩ ክምር ውስጥ በርች ከሚሉት ነጭ ዛፍ አንድ ቁራሽ አነሳ፣ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ውፍረቷን በዓይኑ ለካ፣ እንጨቱን አሰረና ጠረበው። ትንሽ አወፈራት። ሽብልቅ በልኳ ከሆነች በእጅ ትገባለች፣ አትነክስም፤ ወፈር ካለች ግን መዶሻና ሰው ትፈልጋለች። አለቃው ሲገባ አየውና ምን አዲስ ዕቃ ነው አለው። ዕቃ አይደለም አለው ደገፋ።

ማታ ከአናጢዎቹ ክፍል ሲወጣ ፀሐይ ገና ቤቶቹ አናት ላይ ነበረች። ሽብልቋ ኮቱ ኪስ ውስጥ ናት፣ ሲራመድ ጭኑን ትመታዋለች። ካርቶኖቹን ሁሉ የላከበት ፖስታ ቤት መንገዱ ላይ ነው፤ ዛሬ አምሽቶ ይሠራል፣ ወረፋም አልነበረውም፣ ልጅቷም ከመስኮቱ ጀርባ አይታው ለሰላምታ እጇን አነሳችለት። እሱም እጁን አነሳላትና አለፈ።